ጀርባ የማያቆስል ዕቃ

ዩቲዩብ ላይ ስለ ካምፒንግ ዕቃ መያዣ ስትፈልጉ የምታገኙት ቪዲዮ ሁሌም ያው ነው። አንድ ትልቅ መኪና ጫካ ዳር ቆሟል። ከኋላው ክዳናቸው የሚቆለፍ ጥቋቁር ሳጥኖች ተደርድረዋል። ሰውየው አንዱ ሳጥን ላይ ይወጣና ይዘላል፤ «ይኸው፣ አልተሰበረም!» ይላል። እውነቱን ነው፣ አልተሰበረም። ግን ሳጥኑ የተሠራው ከመኪና ወርዶ እዚያው መኪናው አጠገብ ለሚቀመጥ ሕይወት ነው። የኛ ዕቃ መጀመሪያ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይታሰራል፣ ከዚያ አይሱዙ ላይ ከሰውና ከበግ ጋር ይጫናል፣ ከዚያ በቅሎ ጀርባ ላይ ይወጣል፣ የመጨረሻዋን ዳገት ደግሞ በሰው ትከሻ ይጨርሳል። እዚህ መንገድ ላይ ያ ጥቁር ሳጥን ምን ያህል እንደሚዘልቅ ቪዲዮው አይነግራችሁም።

ከጓደኞቼ ጋር ወጣ ብለን ማደር ከጀመርን ጀምሮ የጋራ ዕቃችን የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ገመዱ፣ የተረፈው ሽሮ ሳይቀር። ስለዚህ ምኑ እንደሚሰነጠቅ፣ ምኑ እንደሚሻግት፣ ምኑ እንደሚሸት በቅርብ የማየው እኔ ነኝ። አሁን አሁን አንድ ሰው «ጠንካራ ዕቃ ጠቁመኝ» ሲለኝ የዕቃ ስም ከመጥራቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ማን ይሸከመዋል? ማን ሊከፍተው ይሞክራል? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?

ሁለተኛው ጥያቄ ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዮሰሚቲ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ፣ ከመኪና መንገድ ርቆ በእግሩ ሄዶ የሚያድር ሰው አብዛኛው ቦታ ላይ ምግቡን ድብ በማይከፍተው ዕቃ እንዲይዝ ይገደዳል። ዕቃው ድፍን ያለ ክብ ጣሳ ነገር ነው፤ እጀታ የለው፣ ማዕዘን የለው። ለምን መሰላችሁ? ድቡ አፉን ከፍቶ የሚነክስበት ቦታ እንዳያገኝ ነው። ቢያንከባልለውም አይከፈትም። የዕቃው መልክ ከድቡ መንጋጋ የተወለደ ነው።

እኛ ጋ ድብ የለም። ግን ባለጋራ አናጣም። ሰሜን ተራራ ላይ ሰው ጭላዳን ይፈራል፤ ጭላዳ እንኳ ቀኑን ሙሉ ሣር ነቅሎ የሚበላ ፍጥረት ነው። እኛን ያስቸገረን ቁራው ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፣ የአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሚያውቀው ትልቅ ቁራ። ድንኳን ደጃፍ የተተወ ፌስታል እሱ ፊት አይቆይም፤ ክዳን ያለው ባልዲ ግን ያሸንፈዋል። አዋሽ በረሃ ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። ዝንጀሮ እጅ አለው፤ ተጭኖ ብቻ የተከደነ ባልዲ አይበግረውም። ለእሱ የሚጠመዘዝ ክዳን፣ ወይም ላዩ ላይ የታሰረ ገመድ ያስፈልጋል። ማታ ደግሞ ጅብ አለ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚባለው ተረት ያለ ነገር አልመጣም፤ ጅብ ቁርበቱን ራሱን ይበላዋል። የቆዳ ጫማም ሆነ ቆዳ የለበሰ ዕቃ ከድንኳን ውጭ አይታደርም።

ስለዚህ «ጠንካራ» የሚባል ነገር ብቻውን የለም። ጠንካራ ለቁራ፣ ጠንካራ ለዝንጀሮ፣ ጠንካራ ለዝናብ ነው ያለው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ ማን ይሸከመዋል ወደሚለው። ይህን ያስተማሩኝ አንድ ባለበቅሎ ናቸው። ደባርቅ ላይ ለሦስት ቀን ጉዞ ዕቃ እያስጫንን ነበር። ከመካከላችን አንዱ የአዳሪ ተማሪ ዓይነት የቆርቆሮ ሳጥን ይዞ መጥቷል፤ ባለ ቁልፍ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ወፍራም። ከያዝነው ዕቃ ሁሉ እሱን የሚያህል ጠንካራ አልነበረም። ሽማግሌው ጎንበስ አሉና በአውራ ጣታቸው የሳጥኑን ማዕዘን ዳሰሱት። ሳይናደዱ ወደ ጎን አስቀመጡት።

«ይህን የሠራ ሰው በቅሎ አያውቅም» አሉ።

«ጋሼ፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ ብናነጥፍለትስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ዳገት ላይ ብርድ ልብሱ ይንሸራተታል። ቁልቁለት ላይ ሳጥኑ ወደ አንገቷ ይመጣል። እናንተ ሦስት ቀን ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። እሷ ገጣባ ከሆነች ግን እኔ ሦስት ወር ነው የምቀመጠው።»

ገጣባ ማለት ጀርባው የተላጠ፣ ጭነት የቆሰለው የጋማ ከብት ነው። ከተማ ላደግነው ስድብ ብቻ መስሎን የኖረ ቃል ነው፤ ለእሳቸው ግን ሥራ የሌለበት ወር፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ዝንብ የሚወረው ቁስል ነው። በሳጥኑ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አውጥተን በሁለት ማዳበሪያ ከፈልነው፤ ጠጣሩን መሀል፣ ልብሱንና ስሊፒንግ ባጉን ወደ ጀርባዋ በሚያርፈው በኩል። እሳቸው አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እጃቸው አንስተው መዘኑ። ሚዛኑ እስኪተካከል ድረስ አንዲት የዘይት ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ከወዲህ ወዲያ ተመላለሰች። ከዚያ በቅሎዋን አስጠጉ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይኸ ነው፦ ዕቃው ሳይሰበር ቢመለስ፣ የተሸከመው ግን ቆስሎ ቢመለስ፣ ያ ዕቃ ጠንካራ አይባልም። ጥንካሬውን የከፈለው ሌላ ነው። ሰውም ላይ ያው ነው፤ ባለ ሹል ማዕዘን ሳጥን በገመድ ታስሮ ትከሻው ላይ የወጣበት ሰው ያውቀዋል። እና እኔ አሁን ዕቃ ስመርጥ በመጀመሪያ ማዕዘኑን እዳስሳለሁ። ቀጥሎ ገመድ የሚይዝበት ቦታ አለው ወይ እላለሁ። ልሙጥ ባልዲ ከገመድ ሥር ያመልጣል፤ ማዳበሪያ ውስጥ ሲገባ ግን ማዳበሪያው ይታሰርለታል። ሦስተኛ፣ ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት እኩል መካከለኛ እመርጣለሁ። በቅሎ ሁለት ጎን ነው ያላት። ሰውም ሁለት እጅ።

የድሮ ሰው ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። አገልግልን ተመልከቱት። ውስጡ ስፌት፣ ውጭው ቆዳ፣ ክብ፣ ማንገቻ ያለው። ማዕዘን የለውም፤ ትከሻ ላይም ኮርቻ ላይም ያለ ጠብ ይቀመጣል። የምግቡንም ጠባይ ያውቃል። ትኩስ እንጀራ በፌስታል ስትቋጥሩት ያልበዋል፤ ላቡ መልሶ እንጀራው ላይ ይንጠባጠባል፤ በማግስቱ ይሻግታል። ስፌት ግን እርጥበቱን ቀስ እያለ ይስበዋል። ስልቻንም ውሰዱ፤ ከፍየል ቆዳ ሳይቀደድ ወጥቶ፣ አንገቱ ላይ የሚታሰር። እህሉ እየተበላ ሲሄድ ስልቻውም አብሮ ይጎድላል፤ ባዶ ሲሆን ተጠቅልሎ ብብት ሥር ይገባል። ዛሬ ውድ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው፣ አፉ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ በማያያዣ የሚዘጋው ውሃ የማያስገባ ከረጢት የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ። ልዩነቱ ዝናቡ ላይ ነው፤ ቆዳ ሲርስ ይከብዳል፣ ይሸታል፤ ከረጢቱ አይርስም።

ይህን ስል ሁላችንም ወደ አገልግል እንመለስ ማለቴ አይደለም። ቅል ውሃን ቀዝቃዛ አድርጎ ይይዛል፤ ድንጋይ ላይ ከወደቀ ግን አበቃ። ጄሪካን ለዚህ ነው አገሩን የወረሰው። ታሪኩም የጉዞ ታሪክ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጀርመኖች ለጦራቸው ነዳጅ መያዣ ሠሩ፤ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ከብረት። ላዩ ላይ ሦስት እጀታ አደረጉለት። በመሀለኛው አንድ ሰው ብቻውን ይይዘዋል፤ በዳርና በዳሩ ሁለት ሰው ይጋራዋል፤ ባዶ ሲሆን አንድ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በአንድ እጁ ያነሳቸዋል። «ማን ይሸከመዋል» ብሎ ያሰበ ሰው የሠራው ነው። ስሙም እንግሊዞች ጀርመኖችን ይጠሩበት ከነበረው «ጄሪ» ከሚለው ቅጽል መጣ። እኛ ጋ የደረሰው ቢጫው ፕላስቲክ ልጁ ነው፤ ዘይት ይዞ ይመጣል፣ ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ መቅጃ ይሆናል። ሴቶች በጀርባቸው አዝለው ዳገት ሲወጡ የምናየው እሱን ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ለካምፒንግ ከሆነ ሁለት ባለ 10 ሊትር ይሻላል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው፤ ቀልድ የለውም። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ያገለገለ ጄሪካን፣ በርሜልና ባልዲ በሽበሽ ነው። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ግን ቀድሞ ምን ይዞ ነበር? ፀረ ተባይና ፀረ አረም የሚመጣው በዚሁ ዓይነት ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ደግሞ ድንጋይ አይደለም፤ የያዘውን ነገር በጥቂቱ ወደ ውስጡ ይመጠዋል። በኦሞም በአመድም ብታጥቡት ላዩ ነው የሚጠራው። የእርሻ መድኃኒት ዕቃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ፣ ተበስቶ፣ ከአገልግሎት ውጭ መሆን እንዳለበት በዓለም ዙሪያ የሚመከረው ለዚህ ነው። ላምባ የያዘ ጄሪካንም ያው ነው፤ ከዓመት በኋላ የተቀዳበት ውሃ እንኳ ላምባ ላምባ ይላል። ሻጩ «ዘይት ነው የነበረበት» ሊላችሁ ይችላል፤ ምናልባትም እሱ ራሱ የሰማውን ነው የሚነግራችሁ።

ስለዚህ የእኔ ደንብ ቀላል ነው። ለምግብና ለውሃ ታሪኩን የማውቀው ዕቃ ብቻ። የቤታችን ዘይት የመጣበት ጄሪካን፣ ጎረቤት ሲጨርሱ ያየሁት፣ ወይም አዲስ። ታሪኩ ያልታወቀ ዕቃ ምንም ያህል ቢያምር ለካስማ፣ ለመዶሻ፣ ለገመድ ይሁን። የቀለም ባልዲም እንዲሁ፤ ክዳኑ ግጥም ይላል፣ እጀታው ብረት ነው፣ ለዕቃ ወደር የለውም፤ በሶ ግን አይገባበትም። ሁለቱ እንዳይምታቱ የምግቡ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ጨለማ ውስጥ፣ በባትሪ ብርሃን፣ ደክሞት የሚፈልግ ሰው ጽሑፍ አያነብም፤ ክር ግን በእጁ ያገኛል።

አዲስ ፕላስቲክ ስትገዙ ገልብጡት። ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ቁጥር አለ። 2 ከሆነ የጄሪካኑ ቤተሰብ ነው፤ ጠንካራ፣ ብርድ የማይሰብረው። 5 ከሆነ ትኩስ ነገር ይችላል፤ ብዙ የምግብ ዕቃዎች የሚሠሩበት ነው፣ ሆኖም ኃይለኛ ብርድ ላይ ሲወድቅ ከ2 ይልቅ ይሰነጠቃል። 1 ሃይላንድ ነው፤ ቀላልና ለውሃ ጥሩ፣ ለፈላ ሻይ ግን አይሆንም፤ ይጨማደዳል። ቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው፤ ቀድሞ ምን እንደያዘ አይናገርም።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ጎኑን ጫን በሉት። የታጠፈበት ቦታ ነጭ መስመር ካወጣ ወይም «ቀጭ» ካለ ፀሐይ በልታዋለች፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የከረመ ጄሪካን መጨረሻው ይኸው ነው። ቀጥሎ ውሃ ሞልታችሁ፣ ከድናችሁ፣ ጋዜጣ ላይ ገልብጡትና አሳድሩት። ጠዋት ጋዜጣው ከረጠበ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የክዳኑ ነው። ክዳን ውስጥ ያለችው ቀጭን የጎማ ቀለበት ከሁሉ ቀድማ ትሞታለች። ስለዚህ ክዳኑ ሌላ ቦታ የሚገኝ ዓይነት መሆኑን እዩ። ሦስተኛው ጥያቄዬ ይኸ ነበር፦ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ከውጭ የመጣው ቆንጆ ሳጥን ማያያዣው ከተሰበረ መለዋወጫ የለውም፤ ያልቅለታል። የጄሪካን ክዳን ግን የትኛውም ትንሽ ከተማ ጉሊት ላይ አይጠፋም። የተቀደደ ማዳበሪያ በወስፌና በሲባጎ ይሰፋል። ቆዳውን ጫማ ሰፊው ያውቀዋል። መንገድ ላይ ሊጠገን የሚችል ደካማ ዕቃ፣ ሊጠገን ከማይችል ጠንካራ ዕቃ ይሻለኛል።

ወደ ከፍታ የምትወጡ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ ግጥም አድርጋችሁ የዘጋችሁት ዕቃ ጨነቅ ካምፕ፣ 3,600 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ሆዱ ይነፋል። እዚያ የውጭው አየር ግፊት ከአዲስ አበባው በአንድ ሰባተኛ ገደማ ያነሰ ነው፤ ውስጥ የታሰረው አየር ወደ ውጭ ይገፋል። የታሸገ ብስኩት እንደ ኳስ የሚወጠረው ለዚህ ነው። በርበሬ የያዘ ተጭኖ የሚከደን ዕቃ በዚህ ሁኔታ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ዓይናችሁ ይነግራችኋል። ዱቄትና በርበሬ በሚጠመዘዝ ክዳን፤ ስትደርሱ ፊታችሁን አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ አላሉት። ዘይት አፉ ድረስ ሙሉት፣ ለአየር ቦታ አትተዉለት፤ ከዚያ ለብቻው በፌስታል ጠቅልሉት።

ደግሞ ከሁሉ በላይ ዕቃውን የሚያቀልለው ምግቡ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፤ ስንቅ የምንላቸው ሁሉ አንድ ነገር ይጋራሉ፣ ውሃቸው ወጥቷል። ሻጋታም ትልም ውሃ ይፈልጋሉ። ውሃው የወጣ ምግብ በረዶ የሚይዝ ሳጥን አይጠይቅም፤ ደረቅ መሆን ብቻ ነው የሚፈልገው። ማንኛውም የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ዕቃ ይበቃዋል። ጭኮ ቅቤ ስላለበት ሽታ ይስባል፤ እሱን ለብቻው፣ ግጥም ባለ ዕቃ። ፍሪጅ የሚያክል ሳጥን የሚያስገዛን ብዙ ጊዜ ቤት የምንበላውን ምግብ ተራራ ላይ ካልበላን ማለታችን ነው።

«ዕቃ የለኝም» ብለው ከጉዞ የሚቀሩ ልጆች አውቃለሁ። ቪዲዮውን አይተው፣ የሳጥኑን ዋጋ በዶላር አስልተው፣ ተስፋ ቆርጠው። ለእነሱ የምለው፣ ለሦስት ቀንና ለአራት ሰው የሚበቃው ይኸው ነው፦ ታሪካቸው የሚታወቅ ሁለት ባለ 10 ሊትር ጄሪካን፤ ለምግብ አንድ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ባልዲ፣ ማዳበሪያ የለበሰ፤ ለካስማና ለድስት አንድ የቀለም ባልዲ፤ ልብስ የሚገባበት ወፍራም ላስቲክ፣ እሱም በማዳበሪያ ውስጥ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሃይላንድ። ወስፌ፣ ሲባጎ፣ አንድ ትርፍ የጄሪካን ክዳን። መልካም የሆነለት ውሃ የማያስገባውን ከረጢት ይጨምርበት፤ በተለይ ክረምት ላይ ባሌ ለሚወጣ፣ ስሊፒንግ ባግ ከረጠበ ሌሊቱ ሌሊት አይደለም።

ያ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥን አልተጣለም። አሁን የምግብ ዕቃው ሁሉ በጉዞና በጉዞ መካከል የሚያርፈው እሱ ውስጥ ነው። አይጥ ፕላስቲክ ትበሳለች፤ ቆርቆሮ ግን አትችልም። ለበቅሎ ያልሆነ ለጓዳ ሆነ። ከመንገድ ስንመለስ ሁሉንም አጥበን ከጥላ ሥር እናደርቃለን፤ ክዳኖቹን ሳንዘጋ፣ ከየዕቃቸው ጋር በክር አስረን እናስቀምጣለን። ተዘግቶ የከረመ ዕቃ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ያለፈውን ጉዞ ይሸታል። ቀጣዩ ሰው ደግሞ ክዳን ፍለጋ ቤቱን አያምስም።